የሁዳዴ ጎመን፣ የፋሲካ ቅቤ



ገበያ በዋለ ማግሥት፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ በአትክልት መሸጫው በኩል ያለፈ ሰው አሁን የምለውን ያውቀዋል። ነጋዴዋ ጥቅል ጎመኑ ለገዢ ዓይን እንዲያምር ከላይ ያሉትን ሦስት አራት ቅጠሎች ገፍፋ ጥላለች። የካሮቱ ቅጠል ተቆርጦ ተከምሯል። ዶማ የነካው ድንች፣ በጆንያ የተላላጠው፣ ጥቃቅኑ ሁሉ ተለይቶ ጥግ ይዟል። ከመካከሉ አንዲት ላም ቆማለች፤ የጎን አጥንቷ ይቆጠራል። ቅጠሉን ስትስብ ጥቁር ፌስታል አብሮ ይሳባል፤ ግማሹ አፏ ውስጥ ገብቷል፣ ግማሹ ከከንፈሯ ላይ ተንጠልጥሏል። ፍየል በከንፈሯ እየመረጠች ትቀነጥባለች። ላም ግን በምላሷ ጠቅልላ የያዘችውን ሁሉ ትውጣለች። ፌስታሉም ይዋጣል። ከተዋጠ በኋላ አይፈጭም፣ አይወጣም፤ ጨጓራዋ ውስጥ እየተጠቀለለ ይከማቻል፤ እርሷም ሆዷ የሞላ እየመሰለ ትከሳለች። ከብት አርዶ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥቅል በእጁ ይዞ አይቶታል።

እዚያ ቦታ ላይ መኖም አለ፣ የተራበች ላምም አለች። አንዱን ከሌላው በደንብ የሚያገናኝ ሰው ነው የጠፋው። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ነው።

በጎጃም ደጋ የመኖ ችግር ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ክረምቱ ሲገባ ሣሩ ይለመልማል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እህሉ ይታጨዳል፣ ጭዱ ይከመራል፣ ከብቱም አዝመራው በተነሣበት ማሳ ላይ ይውላል። ጭንቁ ከጥር በኋላ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት መስኩ ይላጫል፣ ላሟ ጭድ ብቻ ላይ ትወድቃለች። የወል ግጦሹም እንደ ድሮው አይደለም፤ ገሚሱ ታርሷል፣ ገሚሱ ባሕር ዛፍ ሆኗል። ከዚህ እስከ ማቻክል ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ባሕር ዛፍ የቆጠረ ሰው ስንት የላም መዋያ እንደነበር ይገባዋል። ባሕር ዛፉን የተከለውን ገበሬ አልወቅሰውም፤ ገንዘብ ነው፣ የልጅ ትምህርት ቤት ነው። ግን ላሟ ያጣችውን መስክ የሚተካላት ነገር መፈለግ ነበረብን።

ጭድ ለምን አይበቃትም? እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ የሁሉም ነገር ሥር ይህ ነውና። ላም ጭዱን በራሷ አቅም አትፈጨውም። የሚፈጩላት ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። እነርሱ ሲጠግቡ እርሷ ትጠግባለች። እነዚህ ተሕዋስያን ሥራቸውን እንዲሠሩ ከ100 ግራም ደረቅ መኖ ውስጥ ቢያንስ 7 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። የጤፍ ጭድ ከ4 እስከ 5 ግራም ቢሰጥ ነው። ስለዚህ ላሟ ጭድ እየበላች ትራባለች ስል ለማጋነን አይደለም። ጭዱ ሆዷ ውስጥ ይቆያል፣ ቶሎ አይፈጭም፣ ቦታ ይይዛል፤ ላሟም ሌላ መብላት ትተዋለች። ትንሽ እርጥብ ነገር፣ ትንሽ ፕሮቲን ያለው ነገር ከጨመራችሁላት ግን የዚያው የጭዱ ጥቅም ይጨምራል። አንድ እቅፍ ቅጠል ከራሱ ዋጋ በላይ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ወራቱ ልመልሳችሁ። የካቲትና መጋቢት ላሟ ክፉኛ የምትራብበት ጊዜ ነው አልን። ያው ጊዜ በመስኖ የተተከለው አትክልት የሚደርስበት ነው፤ በጨሞጋ ወንዝ ዳርና በየምንጩ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ በተሠራው በቆጋ መስኖ። እንደገና ያው ጊዜ ሁዳዴ ነው። በ55ቱ ቀን ከተማው በሙሉ ጎመንና ድንች፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይበላል። በየቤቱ የሚላጠው ልጣጭ፣ በየምግብ ቤቱ የሚቆረጠው ቅጠል፣ በገበያው የሚገፈፈው ገፈፎ ከዓመቱ ሁሉ የሚበዛው ያኔ ነው። ላሟ በምትራብበት ወር ቅጠሉ ይትረፈረፋል፤ በዚያው ወር ደግሞ ወንዝ ዳር ተጥሎ ይሸታል። ከዚህ ሁሉ ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ግጥምጥሞሽ ያዙልኝ።

አንዲት እናት ባለፈው ጊዜ እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ በሁዳዴ ወተቱን ማን ይገዛኛልና ነው ላሚቱን የምቀልባት?» ጥያቄው ትክክል ነው። በጾም ወተት ገዢ ያጣል። ነገር ግን ወተቱ ይናጣል፣ ቅቤው ይቀመጣል፤ ለፋሲካ ገበያ የሚወጣው ቅቤ በሁዳዴ የተጠራቀመው ነው። የጎጃም ቅቤ አዲስ አበባ ድረስ ስሙ የሚጠራው በከንቱ አይደለም። ሌላም አለ። በሁዳዴ የከሳች ላም ዶሮ በታረደ ማግሥት ወዲያው አትመለስም። ከስታ የከረመች ላም ኮርማ አትፈልግም፤ ኮርማ ካልፈለገች አታረግዝም፤ ካላረገዘች የሚመጣው ዓመት ወተት የለም። ሆዷ ውስጥ ጥጃ ካለም ጥጃው የሚያድገው በዚያችው ከሲታ እናቱ ሥጋ ላይ ነው። የሁዳዴ ቀለብ የከርሞ ወተት ነው።

ነገሩ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። የዚህ ከተማ ሴቶች ጠላ ይጠምቃሉ፣ አረቄ ያወጣሉ። አተላው የት ይሄዳል? ለላም ነው። ፉርሽካው ከወፍጮ የቀረ ነው። ፋጉሎው ኑጉ ዘይቱን ከሰጠ በኋላ የቀረ ገፎ ነው። ዛሬ በኪሎ የምንገዛቸው መኖዎች ብዙዎቹ የሌላ ነገር ትራፊ ናቸው። ሰው የሚፈልገው ዘይቱን ነበር፣ ዱቄቱን ነበር፣ ጠላውን ነበር፤ ላሟ ቀሪውን ወሰደች፤ ቀሪውም ገንዘብ ሆነ። የአትክልት ቅጠልም ወደዚያው እየሄደ ነው። አንድ ቀን ዋጋ ይወጣለታል። ዋጋ ከወጣለት በኋላ ከመሻማት፣ ዛሬ በነጻ በሚጣልበት ጊዜ ከነጋዴዋ ጋር መተዋወቅና መስማማት ብልህነት ነው።

ድንቹ ራሱ ለአገራችን እንግዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ በሰሜን ኢትዮጵያ ይኖር የነበረው ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንዳስገባው ይነገራል። ዛሬ በጮቄ ተራራ ግርጌ፣ በስናን፣ በረቡዕ ገበያ ዙሪያ ያለ ገበሬ ድንችን ከገብስና ከእንግዶ ጋር የአያቱ እህል አድርጎ ነው የሚያየው። የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ለዚህ ደጋ የሚስማሙ ዝርያዎች አውጥቷል፤ ዘንገናና ጓሳ ከእነርሱ መካከል ናቸው። ምርቱ በጨመረ ቁጥር ለገበያ የማይሆነው ድንችም ይጨምራል።

እስቲ በሚዛን እንየው። ጥቅል ጎመን ከ10 እጁ 9ኙ ውኃ ነው። 10 ኪሎ ቅጠል ተሸክማችሁ ብትመጡ ውኃው ሲወጣ የሚቀረው አንድ ኪሎ ደረቅ መኖ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ላሙን በጎመን ብቻ ለማጥገብ ይሞክርና ሆዷን በውኃ ሞልቶ ያስርባታል። ግን ያቺ አንድ ኪሎ ምን እንደያዘች ተመልከቱ፦ ከ150 እስከ 200 ግራም ፕሮቲን አላት። የኑግ ፋጉሎ በኪሎ 300 ግራም ገደማ አለው። ስለዚህ ከ15 እስከ 20 ኪሎ የጎመን ቅጠል በፕሮቲኑ ከአንድ ኪሎ ፋጉሎ ጋር ይተካከላል ማለት ነው። ፋጉሎ በምን ዋጋ እንደምትገዙ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ፋጉሎው ይቀራል፤ ጎመኑ ግን እዚሁ ነው።

ድንች ደግሞ ሌላ ነው። ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፤ ኃይል ሰጪ ነው። ከ4 ተኩል እስከ 5 ኪሎ የሚሆን ድንች አንድ ኪሎ ገብስ ይተካል። ስለዚህ ጎመንና ድንች በላሟ ገንዳ ውስጥ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ። ካሮት ከነቅጠሉ ሌላ በረከት አለው። የክረምት ቅቤ ቢጫ፣ የበጋ ቅቤ ነጣ ያለ የሚሆነው ለምን ይመስላችኋል? ለምለሙ ሣር ውስጥ ያለው ቢጫ ቀለም ወደ ቅቤው ስለሚሄድ ነው። ካሮትም ያንኑ ቀለም ይዟል። በመጋቢት ካሮትና ቅጠሉን የምታገኝ ላም ቅቤዋ ቢጫ ይላል፤ ገዢም ቢጫውን ይመርጣል።

በአገራችን 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት አለ። ያበሻ ላም ግን በአማካይ በቀን የምትሰጠው አንድ ሊትር ተኩል አካባቢ ነው። ብዙ ሰው ዝርያዋን ይወቅሳል። የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህም ብዙ ቤተሰብ ድቅል ላም ለማግኘት ይመኛል። ምኞቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ድቅል ላም ትልቅ አፍ ይዛ ነው የምትመጣው። 400 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን 12 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። መኖውን ሳያዘጋጅ ድቅል ላም የገዛ ሰው ዕዳ ገዛ። ላም በአፏ ነው የምትታለበው።

እስካሁን ጥቅሙን ነው የነገርኳችሁ። አሁን የማመጣው ከዚያ ይበልጥ ያስጨንቀኛል፤ ሰምታችሁ ወጥታችሁ ላማችሁን ብትጎዱ ኃላፊው እኔ ነኝና።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ዳልቻ የምትላት ጥገት ነበረችን። አንድ ቀን ድንች ተቆፍሮ ጥቃቅኑ ተለቅሞ ቀረ። እናቴ ለዳልቻ ካላት ፍቅር የተነሣ በእንቅብ ሙሉ አቀረበችላት። ዳልቻ ደስ ብሏት እየጎረሰች ሳለች በድንገት አንገቷን ወደ ፊት ዘረጋች። ምራቋ እንደ ክር ተንጠባጠበ። ትስላለች፣ ጭንቅላቷን ትወዘውዛለች፣ ትውጣለች፤ አይወርድም። ብዙም ሳይቆይ በግራ ጎኗ ሆዷ ይነፋ ጀመር። የተነፋውን ጎኗን በጣት ስንመታው እንደ ከበሮ ይጮኽ ነበር። ላም የምታመሰኳው፣ የምታገሣው በዚያው ጉሮሮ ነው፤ እርሱ ከተዘጋ ሆዷ ውስጥ የሚፈላው አየር መውጫ የለውም። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነበር። ሰዎች ሳትሞት በቢላ ደረሱላት። ጉሮሮዋ ሲከፈት የተገኘችው ድንች የሕፃን ቡጢ አታህልም ነበር። እናቴ ያን ሥጋ አልቀመሰችም።

እናቶቼ፣ ድንችና ካሮት፣ ቀይ ሥርም ቢሆን ሙሉውን ለላም አይሰጥም። ትልቁን ብቻ አይደለም የምላችሁ፤ ትንሹ ነው ይበልጥ የሚያንቀው፤ ትልቁን ታኝከዋለች፣ ትንሹን ትውጠዋለች። በቢላ ቀጠን አድርጋችሁ ሸንሽኑት። ጊዜ ካላችሁ ቀቅሉት። ጊዜ ካጣችሁ በአካፋ ቀጥቅጡት።

ድንቹ አረንጓዴ ከሆነ ወይም ከበቀለ ሌላ አደጋ አለ። ፀሐይ የመታው አረንጓዴ ልጣጭና ቡቃያው ሶላኒን የሚባል መርዝ ይይዛሉ፤ መቀቀል አያጠፋውም። ቡቃያውን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ አረንጓዴውን ጣሉ፣ የድንቹን አገዳና ቅጠልም ከላሟ አርቁ። ደህናውን ድንች በጥቂቱ ጀምራችሁ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እየጨመራችሁ ስጡ። ለትልቅ ድቅል ላም በቀን ከ10 ኪሎ በላይ፣ ላበሻ ላም ከ5 ኪሎ በላይ አልመክርም። በአንድ ቀን ብዙ ድንች የበላች ላም ሆዷ ውስጥ ያለው ሁሉ ይኮመጥጣል፤ መብላት ታቆማለች፤ የባሰም ያጋጥማል።

ጎመንም ልክ አለው። ከምትበላው ደረቅ መኖ ከሦስት እጅ አንዱን መብለጥ የለበትም። ከዚያ ካለፈና ለሳምንታት ከቀጠለ ደሟን ያሳሳል። ሽንኩርት በዚህ በኩል ከሁሉ የከፋ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሳቷን ይሰብራል፣ ሽንቷ እንደ ቡና ይጠቁራል። በግና ፍየል ከላም ይሻላሉ እንጂ ሲበዛ እነርሱንም ይጎዳቸዋል። የእኔ ፍርድ አጭር ነው፤ የሽንኩርት ገፈፎ ለምትታለብ ላም አትስጡ። ወተቱም ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ ገዢያችሁ አንድ ጊዜ ቀምሶ ሁለተኛ አይመጣም። የጎመንም ሽታ ወደ ወተት ይገባል፤ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አልባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ስጡ እንጂ ከማለባችሁ በፊት አትስጡ። ጠዋት መጀመሪያ ጭድ ትብላ፤ ባዶ ሆዷን ወደ እርጥብ ቅጠል አትልቀቋት።

አሁን ሰዎች ዝም የሚሉበትን ልናገር። ገበሬው ድንቹን ቅጠል ከሚያጠቁረው በሽታ ለማዳን ሪዶሚልና ማንኮዜብ ይረጫል፤ ጎመኑንም ከክሽክሽና ከትል ለማዳን ይረጫል። የተረጨው መድኃኒት መጀመሪያ የሚያርፈው የት ላይ ነው? ከላይ ባለው ቅጠል ላይ ነው። ነጋዴዋ የምትገፍፈው ቅጠል ያው ነው። ለላም የምንሰጠውም ያው ነው። ሰው የሚበላው ውስጡን ሲሆን ላም የምትበላው ደጁን ነው፤ ወተቱን ደግሞ ልጃችን ይጠጣዋል። ስለዚህ ከየት እንደመጣ የማታውቁትን ቅጠል ዝም ብላችሁ አትመኑ። ገበሬው መቼ እንደረጨ ጠይቁ፤ የመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ሳይሞላ የተቆረጠ ከሆነ ተዉት። ቅጠሉን በውኃ እጠቡ፤ መታጠቡ የተወሰነውን ያነሣል፣ ሁሉንም ግን አያነሣም። ገበሬ ወንድሜ፣ አንተም ቀኑን ቁጠር፤ ለገበያው ብቻ ብለህ አይደለም።

የሻገተን ነገር በተመለከተ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢው የወተት መንደሮች 110 የወተት ናሙና መርምሮ ነበር። በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ተገኘ፤ አውሮፓውያን ካስቀመጡት ልክ በታች የሆኑት 9 ብቻ ነበሩ። ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ፋጉሎ ደረቅ ነገር ሆኖ ሳለ እንዲህ ካደረገ፣ ከ10 እጁ 9ኙ ውኃ የሆነው ቅጠል ተከምሮ ሦስት ቀን ቢያድር ምን እንደሚሆን አስቡት። የአትክልት ተረፈ ምርት በተሰበሰበበት ቀን ወይ ይበላል፣ ወይ ይቀመጣል። ሦስተኛ መንገድ የለውም።

የሚቀመጠው እንዴት ነው? ባለሙያዎች ገፈራ ይሉታል፤ ሳይሌጅም ይባላል። ስሙ አያስፈራችሁ። ሊጥ ታቦካላችሁ፣ እርሾ ትጨምራላችሁ፣ ይኮመጥጣል፤ የኮመጠጠው ሊጥ ቶሎ አይበላሽም። ጉራጌዎች እንሰቱን ፍቀው ጉድጓድ ውስጥ ጠቅጥቀው፣ አየር ነስተው ወራት የሚያቆዩት ቆጮ ሥራው ይኸው ነው። ገፈራ የላም ቆጮ ነው ብላችሁ ያዙት።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ቅጠሉን በቢላ ወይም በገጀራ ጣት የሚያህል አድርጋችሁ ቆራርጡት። ፀሐይ ላይ ግማሽ ቀን አጠውልጉት። ከዚያ ጭድ ቀላቅሉበት፦ ሦስት እጅ ቅጠል ለአንድ እጅ ጭድ፣ በክብደት። ጭዱ ለምን? ጎመን ብቻውን ከጠቀጠቃችሁት ውኃው ይወርድና ይበሰብሳል፤ ጭዱ ያን ውኃ ይጠጣል። ያን ጊዜ ጭዱም ራሱ ይለሰልሳል፣ ይጣፍጣል። ልኩን ለማወቅ አንድ ጭብጥ ይዛችሁ ጭመቁ። በጣቶቻችሁ መካከል ውኃ ከተንጠባጠበ ጭድ ጨምሩ። ስትለቁት ከተበተነ ደርቋል። እጃችሁን አርጥቦ ተጨብጦ ከቀረ ደርሷል። ሞላሰስ ካገኛችሁ ትንሽ ጨምሩበት፤ ካላገኛችሁ የተከተፈ ድንች ትንሽ ስኳርና ስታርች ያመጣላችኋል። ከዚያ ሰማያዊውን በርሜል ወይም ወፍራም ላስቲክ የተነጠፈበት ጉድጓድ እየረገጣችሁ ሙሉት። እደግመዋለሁ፣ እየረገጣችሁ፤ ልጆች ይውጡበትና ይጨፍሩ። አየር የቀረበት ቦታ ሁሉ ሻጋታ ይሆናል። ሲሞላ በላስቲክ ሸፍናችሁ፣ ድንጋይ ጭናችሁ፣ ቢያንስ ሦስት ሳምንት፣ ቢቻል ስድስት ሳምንት አትንኩት። ስትከፍቱት የጠላ ጥንስስ ሽታ የመሰለ፣ ደስ የሚል ጣፋጭ ኮምጣጤ ይሸታችኋል፤ ቀለሙም የወይራ ቅጠል ይመስላል። ቢከረፋ፣ ቢጠቁር፣ ነጭ ሻጋታ ቢያበቅል ያን ክፍል አውጥታችሁ ቅበሩት፤ አትሳሱለት። አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ በየቀኑ ከላይ እየወሰዳችሁ መልሳችሁ ሸፍኑ።

ይህን የምናደርገው እኛ ብቻ አይደለንም። ሕንድ ፑንጃብ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ዋድዋና ባክሺ፣ የአተር ሐረግን፣ የአበባ ጎመን ቅጠልን፣ የቲማቲም ገፎን ለከብት መኖነት መርምረው እ.ኤ.አ. በ2013 በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በኩል መጽሐፍ አውጥተዋል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2000 የምግብ ትራፊ ወደ መኖ እንዲመለስ ሕግ ደንግጋለች። ብሪታንያ ደግሞ የሚያስጠነቅቅ ታሪክ አላት፤ የሥጋና የአጥንት ዱቄት ለላም በማብላቷ እ.ኤ.አ. በ1986 የታወቀው የእብድ ላም በሽታ ተስፋፋባት። ከዚህ የምንወስደው ይህ ነው፦ ከምግብ ቤት ስትለምኑ የአትክልት ልጣጩን ብቻ ለምኑ። ሥጋ የነካውን፣ ከሰው ገበታ የተነሣውን ለላም አትስጡ።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። ቅጠል ቆሻሻ ሆኖ አልተወለደም፤ ቆሻሻ የሚሆነው ከፌስታል፣ ከሽቦ፣ ከባትሪ ድንጋይ ጋር ስንቀላቅለው ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ላሟ ዘንድ ሳይሆን ነጋዴዋ እግር ሥር ነው። አትክልት የምትሸጡ እኅቶቼ፣ ከጎናችሁ ሁለት ማዳበሪያ ከረጢት አስቀምጡ። አንዱ የቅጠል፣ አንዱ የድንችና የካሮት። ሽንኩርቱና ፌስታሉ ለብቻ ይሂዱ። ይህን ለማድረግ አዲስ ገንዘብ አያስፈልግም፤ እጃችሁ ቅጠሉን ሲገፍፍ ወዴት እንደሚወረውረው መወሰን ብቻ ነው። ላም ያላችሁ እናቶች በበኩላችሁ ከአንዲት ነጋዴ ጋር ተዋወቁ። በሳምንት አንድ ሊትር ወተት ስጧት፣ በጾም ወራት ደግሞ ለፋሲካ ቅቤ ቃል ግቡላት፤ ቅጠሏን እየለየች ታቆይላችኋለች። ሥራ የሌላቸው ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው በጋሪ ማለዳ ቢሰበስቡ ቅጠሉ ሳይሞቀው ይደርሳል። ከተማ አስተዳደሩ ለዚህ አንድ ጥላ ያለውና ውኃ የሚገኝበት ቦታ ቢሰጥ ለማጽዳት ከሚያወጣው ይቀንስለታል።

ከዩኒቨርሲቲው የመጣችሁ ተማሪዎች፣ ለእናንተ የቤት ሥራ አለኝ። ሚዛን ይዛችሁ ገበያ ውጡ። በየገበያው ቀን ስንት ኪሎ ጎመን፣ ስንት ኪሎ ድንች፣ ስንት ኪሎ ካሮት እንደሚጣል ከጥር እስከ ግንቦት መዝግቡ። ከላይኛው ቅጠል ናሙና ወስዳችሁ የመድኃኒቱን ቅሪት አስመርምሩ። ይህ ሥራ መደርደሪያ ላይ ለሚቀር መመረቂያ ጽሑፍ አይደለም፤ ውጤቱን መጥታችሁ እዚሁ አዳራሽ ለእነዚህ እናቶች ትነግሯቸዋላችሁ።

ስለ እበቱም አንድ ቃል ልበል። የዚህ ደጋ አፈር እየኮመጠጠ መሆኑን ኖራ የምታመላልሱ ገበሬዎች ታውቃላችሁ። ከማሳ ወጥቶ ገበያ የመጣው ቅጠል በላሟ በኩል አልፎ እበት ሆኖ ወደ ማሳው ቢመለስ ደስ ባለኝ። ይህ የሚሆነው እበቱ ሁሉ ኩበት ሆኖ ካልነደደ ነው። ይህን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን፤ ሰፊ ነው።

እናቶቼ፣ የምለምናችሁ አንድ በርሜል ነው። በዚህ ዓመት ብዙ አትጀምሩ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ጭዱ ገና ደኅና ሳለ፣ አንድ በርሜል ብቻ ገፈራ አዘጋጁ። ሁዳዴ ሲገባ ክፈቱት። ለአንዲት ጥገት በጥቂቱ እየጨመራችሁ ስጧት፣ የወተቷን ልክ በየቀኑ በጣሳ ለክታችሁ ግድግዳው ላይ በከሰል ምልክት አድርጉ። ከፋሲካ በኋላ ምልክቱን ቆጥራችሁ ያገኛችሁትን ለጎረቤታችሁ ንገሩ፤ ለእኔም ንገሩኝ። ነጋዴዋን ለመተዋወቅ ግን ጥምቀትን አትጠብቁ፤ የሚመጣው የገበያ ቀን ቅርብ ነው፣ ከረጢት ይዛችሁ ውጡ።